ክፍሉ ገና አልሰማም

ይድረስ ለእትዬ ፅጌ፤ ሮም።

እንደምን ከረምሽ እህት ዓለም? ጋሼ ዳኛቸውስ እንዴት ናቸው? ያ የወገባቸው ነገር ተሻላቸው ወይስ እንደበረታ ነው? ሮማንዬስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ልቤን ከጠየቅሽኝ ግን ካንቺ ጋር ተጣልቷል። ድሮ ጤናሽን ስጠይቅ መልሱን እየናፈቅሁ ነበር። አሁን ግን "ሁላችንም ደህና ነን" ብለሽ ብትጽፊልኝ ምኑን ይዤ እንደማምንሽ አላውቅም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአንድ ጥያቄ ነው። እማዬ አለች? እውነቱን ንገሪኝ፣ በሕይወት አለች? ለምን እንዲህ እንደምጠይቅሽ እንዲገባሽ የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ አንቺ የምታውቂው ግማሹን ብቻ ነው።

እንግዳ ስለሚባለው ሰው ሰሌዳ አንድ ጊዜ ጽፌልሽ ነበር። እንግዳ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ካልቨር ሲቲ የሚኖር ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ቤቱ ውስጥ ኮምፒዩተር ከስልክ ጋር አገናኝቶ አስቀምጧል። እኛ ደግሞ በየቤታችን ባለው ኮምፒዩተር ደውለን የልባችንን እንጽፋለን፤ ሌላው ደውሎ ያነበዋል፣ መልስ ይጨምርበታል። ማሽኑ ፊደላችንን ስለማያውቅ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምንጽፈው። መጀመሪያ ዓይን ያጠፋል፣ ኋላ ይለመዳል። እኔና አስፋው፣ ያ አብሮኝ የሚኖረው ታክሲ ነጂ፣ ዌስትውድ ካለ አንድ ተማሪ አሮጌ ኮምፒዩተር ገዝተን ተቀላቀልን። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ውዬ ስገባ ከእራቴ በፊት የምሮጠው ወደ እሱ ነበር።

ሰሌዳው በክፍል በክፍል የተለየ ነው። የመኪና ክፍል አለ፤ የጨዋታ ክፍል አለ፤ የመኖሪያ ወረቀት ጣጣ ያለበት ሁሉ የሚያለቃቅስበት የወረቀት ክፍል አለ። የመርዶ ክፍልም አለ፤ ማን እንደሞተበት፣ ማን ሄዶ እንደሚያረዳው፣ ማን ምግብ እንደሚይዝ የሚመካከሩበት። እኔ መኪናና ጨዋታ ነበር የማነበው። መርዶ ክፍልማ ምን ልሠራ እገባለሁ? ሰው በገዛ እጁ መርዶ ፍለጋ ይሄዳል እንዴ! ይህን ጠባዬን ፌርፋክስ የሚውል ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ክፍሉ በሚለው ስሜም ይቀልዱብኝ ነበር። ሰሌዳው ላይ "ክፍሉ ሞልቷል" ወይም "ክፍሉ ተዘግቷል" ተብሎ ሲጻፍ እኔን ይሁን ክፍሉን አይለይማ። ምን በልተህ ነው የሞላኸው ይሉኛል።

ከፋሲካ በኋላ እንግዳ አዲስ ነገር ጨመረ። የአንድ ሰው ስም ስትጽፊለት፣ ያ ሰው በየክፍሉ የጻፈውን ሁሉ ለቅሞ ያመጣልሻል። "ሰው መከተል" ብሎ ሰየመው። እኔ እርር አልኩ። ክትትል ሸሽተን አይደል እንዴ በረሃ ያቋረጥነው? እዚህ ደርሰን ደግሞ እርስ በርሳችን እንከታተል? ስለ መኪና የሚወራው መኪና ክፍል ይነበብ፣ ስለ ጸሎት የሚወራው እዚያው ይነበብ፤ ማን ምን አለ እያሉ ሰውን መዞር የጆሮ ጠቢ ሥራ ነው ብዬ ጻፍኩ። አስፋው መጀመሪያ ሳቀብኝ። ታዲያ ምን አለበት፣ ሰውዬውን ከወደድኩት ስለ ሽሮም ቢጽፍ አነብለታለሁ አለ። በማግሥቱ ግን ተገልብጦ መጣ። ልክ ነህ፣ ነውር ነው፣ አንተም እንዳትነካው አለኝ። ጋሼ ተፈሪም፣ እኚያ የአባባ የአሰላ ጓደኛ፣ በአንተ ሐሳብ እስማማለሁ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በክርክር ረታኋቸው ብዬ ደረቴን ነፋሁ፤ ሞኙ እኔ!

ከኮሌጅ ፈተናዬ በፊት ባለው እሑድ ዳትሰን መኪናዬ አልነሳ አለ። አስፋው ርካሽ ካርቡራቶር የት እንዳለ ሰሌዳው ላይ ጽፌልሃለሁ ብሎኝ ነበር፤ መኪና ክፍል ብፈልግ የለም። ይሄ ዝርክርክ ሌላ ቦታ ጽፎት ይሆናል አልኩ። እሱ ሥራ ላይ ነበር፤ የምጠይቀው አጣሁ። ያንን የረገምኩትን ነገር ተጠቅሜ ስሙን ጻፍኩ። መጀመሪያ አንድ ቀልድ መጣ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥሎ ካርቡራቶሩ መጣ። ቀጥሎ "ክፍሉ ገና አልሰማም፣ እንዳይሰማ ተጠንቀቁ" የሚል መጣ። የትኛው ክፍል ይሆን ብዬ አለፍኩት። እንደ ልማዴ፣ ስለ ሰሌዳው የሚያወሩ ነው የመሰለኝ። ከሥሩ ግን "ሮም ያለችው እህቱ ዛሬም ደወለች፣ ከፈተናው በፊት የአባቱን ሞት እንዳትነግሩት ብላ አደራ አለች" ይላል።

እትዬ፣ ክፍል እህት የለውም። ክፍል አባት የለውም። ደግሜ አነበብኩት፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ሌላ ቃል ላደርገው ሞከርኩ። እምቢ አለ። የቀረውን ሳነብ፣ ለካ አባባ በሁዳዴ ሞተው፣ ዐርባቸው ወጥቶ፣ እኔ እዚህ ስለ ጎማ ስከራከር ነበር።

ያቃጠለኝን ልንገርሽ። በሚያዝያ የምሥራች የምትባል የሰፈራችን ልጅ ስታገባ ሚዜ ነበርኩ። ነጭ ልብስ ለብሼ፣ አበባ ደረቴ ላይ ሰክቼ፣ እስክስታውን ያወረድኩት እኔ ነኝ! አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አባቴ መሞታቸውን ያውቃል። ጋሼ ተፈሪ ያጨበጭቡልኝ ነበር። አንዷ ሴትዮ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ስትጠርግ አይቼ፣ ሙሽራዋ አሳዝናት ነው ብዬ ሄጄ አስቄያት ነበር። አፈር በበላሁ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ እጄን ይዞ ተቀመጥ አይለኝም? ለጠላቴስ እንዲህ ይደረጋል?

ከነሱ ሁሉ ግን የጎዳኝ ያንቺ ደብዳቤ ነው። አውጥቼ ቀኑን አየሁት። "አባባ ጉልበታቸውን ትንሽ አሟቸው ነበር፣ አሁን ግን ተሽሏቸዋል፣ በርታ ብለውሃል" ብለሽ የጻፍሽው ከቀበሯቸው በኋላ ነው። ምነው እትዬ! ዝም ብትይ ዝም አለች እል ነበር። የሞተ ሰው ሰላምታ እንዴት ከእጅሽ ወጣ? እኔ ያንን "በርታ" የሚለውን ቃል መኪና ማቆሚያው ላይ ቡዝ በሚሏት ጠባብ ቤት ውስጥ ሆኜ ለራሴ እየደገምኩ ነው ያጠናሁት። ቃሉ የእሳቸው አልነበረም፤ ያንቺ ነበር።

ለአስፋው ምንም አልነገርኩትም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ እኔም እንደነሱ ሆንኩ። እሱ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ሽሮውን ይሠራልኛል፣ እበላለሁ። ያ ሁሉ ደግነቱ፣ መስኮት ያለበትን አልጋ የለቀቀልኝ፣ ስልክ ሲጮህ ቀድሞኝ የሚዘለው፣ አሁን አንድ በአንድ ገባኝ። መኪና ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር የሚሳሳቀው አስፋውና መርዶ ክፍል ውስጥ ለአባቴ የሚያዝነው አስፋው አንድ ሰው ናቸው፤ እኔ አንዱን ብቻ ነበር የማውቀው። የጻፈውን ሁሉ አነበብኩ እኮ። በአንዱ ላይ "ሳየው ያሳዝነኛል፣ ምነው ቶሎ በነገርነውና በተገላገልኩ" ይላል። ልጠላው ፈለግሁ፣ አቃተኝ፤ ይቅር ልለውም አቃተኝ።

ፈተናውን ተፈተንኩ። አልፌያለሁ፤ ደስ ይበልሽ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ተፈሪ ከፊት፣ እንግዳ ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ግቡ፣ ዘገያችሁ አልኳቸው። ጋሼ ተፈሪ ግን ወጉን አላስቀሩም፤ ተቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሁላችንም ሟች ነን ብለው ጀመሩ። ሴቶቹ ጮኹ። እኔ አንዲት እንባ ጠብ አላለልኝም። ከብዶት ነው ይላሉ። እንባዬን እኮ እሑድ ዕለት፣ ብቻዬን፣ ካርቡራቶር ስፈልግ ጨርሼዋለሁ። አብሮኝ የሚያለቅስ እንዲኖር ብላችሁ ደበቃችሁብኝ፤ ይኸው ያለ ሰው ሰማሁት። እንዴት እንዳወቅሁ ስነግረው እንግዳ ሰው መከተል የሚባለውን ከሰሌዳው አጠፋዋለሁ ብሎ ማለ። ተወው፣ እኔን የዋሸኝ እሱ አይደለም አልኩት።

ለእኔ ብለሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ። ባዕድ አገር ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር ይሆናል ብለሽ ፈርተሻል። ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም። እኔ ወደ አሰላ መጻፍ አልችልም፤ ሸሽቼ የወጣሁ ስለሆንኩ ደብዳቤዬ ከደረሰ ቀበሌ እማዬን ነው የሚያስጨንቃት። ቤቷም ስልክ የለም። ስለ እማዬ የማውቀው ሁሉ ባንቺ ብዕር የመጣ ነው፤ ሌላ መንገድ የለኝም። መርዶው ከመጣ ወዲህ እንኳ "እማዬ በርትታለች፣ ታጽናናናለች" ብለሽ ጽፈሽልኛል። አነበብኩትና ቀኑን ተመለከትኩ። ከዚያ ያንቺን ፊት ለማየት ሞከርኩ፣ አልታይ አለኝ።

ስለዚህ "ደህና ናት" ብለሽ አትጻፊልኝ፤ እግርሽ ሥር ወድቄ እለምንሻለሁ። ከአሰላ የወጣሁ ዕለት እማዬ አንገቴን ይዛ ጆሮዬ ላይ አንዲት ቃል ተናግራ ነበር። አንቺ አልነበርሽም፤ አባባም ከብቶቹ ጋ ነበሩ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለአስፋውም፣ ለንስሐ አባቴም። በምታምኚው ሰው ላኪና ክፍሉን ምን አልሽው ብለሽ አስጠይቂያት። ያቺን ቃል ጽፈሽ ላኪልኝ። ቃሏ ከመጣች እማዬ አለች፤ አንቺንም እንደ ድሮው አምንሻለሁ። ካልመጣች ሰው አትሰብስቢብኝ፣ ሽማግሌም አትላኪብኝ፤ ባዶ ወረቀት በፖስታ አሽጊና ላኪው፣ ይገባኛል።

ለጋሼ ዳኛቸው የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ በእሳቸው አልተቀየምኩም። ሮማንዬን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ፈተናውን አለፈ በያት። አንቺንም፣ ተቀይሜሽም ቢሆን፣ እስምሻለሁ። ለእማዬ ግን ዛሬ ሰላምታ አልልክም። የሚቀበለው ሰው መኖሩን አላውቅም።

ወንድምሽ ክፍሉ
ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ አቬኑ
ሰኔ 28 ቀን 1979 ዓ.ም.