ዝንጀሮ የቀደደው የባቡር ታሪክ

ሰኞ

መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው የምለው። ስድስት ቁጥር ክፍልን በበረኪና ወለወልኩና ሽታው አፈነኝ፣ ትንሽ ይናፈስ ብዬ ከፈትኩት፣ ሰባት ቁጥር አንሶላ ልቀይር ገባሁ፣ ረሳሁት። በቃ ይሄው ነው። ስመለስ ዝንጀሮው አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ ትልቅ ወንድ፣ የክፍሉን እንግዳ የጃፓኑን ሽማግሌ ደብተር በሁለት እጁ ይዞ ይቀዳድዳል። ጮህኩ። ደብተሩን ይዞ በመስኮት ወጣ፣ ጣራው ላይ ሆኖ ወረቀቱን አንድ አንድ እያለ ወደ ጫካው በተነው።

እኛ ሎጅ አንድ ነገር አይታለፍም፣ መስኮት ክፍት ትቶ መሄድ። ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ በዚሁ ነው የተባረረችው።

አለቃችን እትዬ ዘነበች መጡ። ሽማግሌውና ሴት ልጁ ዩኪም ከቁርስ ተነስተው እየሮጡ መጡ። "ማነው የከፈተው?" አሉ እትዬ። አፌ ራሱ ተናገረ፣ "ስገባ ክፍት ነበር፣ እሳቸው ትተውት ይሆናል።" ዩኪ አማርኛ ትችላለች፣ ምዕራብ ዓባያ የሙዝ በሽታ ስታጠና ሁለት ዓመት ቆይታ ነው የለመደችው። ለአባቷ ነገረችው። መስኮቱን አየው። ደጋግሞ አየው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ጎንበስ አለ፣ ሁለቴ፣ "ይቅርታ" አለኝ። ከአማርኛ የሚያውቀው ይቺን ቃል ብቻ ነው።

እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ።

ማክሰኞ

አልተኛሁም። ስለ ሽማግሌው የማውቀው ይሄን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ነው የሰራው፣ እንደ ሚኒባስ ረዳት ማለት ነው፣ ግን ኮፍያና ነጭ ጓንት ያለው ረዳት፣ ዩኪ ፎቶውን አሳይታኛለች። ባቡሩ አሁን የለም፣ ቀርቷል። ደብተሩ ላይ ሲጽፍ የነበረው የዛን ባቡር ታሪክ ነው። እንቁላል አይበላም። ከክፍሉ ሲወጣ ሁሌ ቆም ብሎ መስኮቱን በጣቱ ያሳይና አንድ ቃል ይላል፣ ቧንቧውን፣ መብራቱን፣ ከዛ በሩን ይቆልፋል። መጀመሪያ ስንስቅበት ነበር፣ ከመስኮት ጋር ያወራል ብለን። ዩኪ ናት የነገረችን፣ ባቡር ላይ ስራቸው እንደዛ ነው፣ በጣት አሳይተው ጮክ ብለው ካልተናገሩ እንዳላዩት ይቆጠራል አለች።

ሰኞም አሳይቷል። ኮሪደሩ ላይ መጥረጊያ ይዤ ቆሜ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዝግ ነበር።

ዛሬ አሳየ፣ ወጣ፣ ደረጃው ጋ ሲደርስ ተመለሰ። እንደገና አሳየ። እንደገና ተመለሰ። በአራተኛው ቁርሱንም ተወው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ፎጣ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ፎጣውን አስቀምጬ ሄድኩ፣ ሌላ ምን ላርግ።

ረቡዕ

ጠዋት ስራ ሳልገባ ጫካው ውስጥ ገባሁ። እሾህ እግሬን ጨረሰው። አስራ አንድ ወረቀት አገኘሁ፣ አንዱ ላይ ዝንጀሮው ሸንቶበታል። በፎጣ ጠረግኩት፣ ልብስ መተኮሻው ክፍል አደረቅኋቸው። ትንሽ ቀለለኝ፣ ወረቀቱን ካገኘሁ ኃጢአቱም የሚቀንስ መስሎኝ።

ለዩኪ ሰጠኋት። እዛው ቁጭ ብላ እያነበበች ባማርኛ ነገረችኝ። ባቡሩ በባሕሩ ጠርዝ ጠርዝ ነበር የሚሄደው፣ ከሌላው ባቡር ይፈጥናል፣ ትንንሽ ጣቢያ ላይ አይቆምም። ሲጀመር አስራ ሁለት ፉርጎ ነበረው፣ አንዱ ፉርጎ ምግብ ቤት፣ ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ የለበሰ። ለትኬት ይሰለፉ ነበር። ከዛ ሌላ አዲስ ሀዲድ ተሰራ፣ ተራራ በስቶ የሚያልፍ፣ ባቡሩም ከሱ በጣም የሚፈጥን። መጀመሪያ ምግብ ቤቱ ቀረ። ከዛ ዘጠኝ ፉርጎ፣ ስድስት፣ ሶስት። አንዳንድ ቀን የሚሳፈረው አንዲት ዓሣ ነጋዴ ሴትዮ ብቻ ናት፣ ሽታው ሰው እንዳይረብሽ ብላ ባዶ ፉርጎ ውስጥ ጥግ ትቀመጣለች። የመጨረሻው ቀን ሰዉ ካሜራ ይዞ ጎረፈ፣ ተለቃቀሱ። ሽማግሌው ጽፏል፣ "ወንበሩ ባዶ ሲሆን የት ነበራችሁ" ልላቸው ፈልጌ "እናመሰግናለን" አልኳቸው ብሏል። ዩኪ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ከዛ ሳቋን ተወችው። "የፉርጎው ቁጥር መዝገብ ላይ አለ" አለችኝ። "ሴትዮዋ ግን አባቴ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ናት። አሁን አልጽፍም አለ። መስኮት መዝጋቴን እንኳን ካላወቅኩ ሴትዮዋንም ፈጥሬያት ቢሆንስ አለኝ።"

"ይጽፋሉ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ብዬ ተነሳሁ። የእግዚአብሔርን ስም ጠራሁበት ደሞ።

ሐሙስ

እትዬ ዘነበች ሰራተኛው ሁሉ ባለበት አመሰገኑኝ። "ማንም ሳያዛት ጫካ ገብታ ለቀመች፣ እንዲህ ያለች ልጅ ናት የምትፈለገው።" አጨበጨቡልኝ። ወጥ ቤት የምትሰራው ብርቱካን "እኛንም አስተምሪን እንጂ፣ ታማኝ" ብላ ጎኔን ነካችኝ። መሬት ቢውጠኝ።

ዩኪ የክፍሉን ቁልፍ ከአባቷ ወስዳለች። እንደ ሕፃን ነው የምታናግረው፣ ቋንቋውን ባልሰማም ድምጿ ያስታውቃል። ሁለት ወር ሊቆይ ነበር የመጣው፣ አሁን ቅዳሜ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ ከዛ አገሩ፣ የጭንቅላት ሐኪም ጋ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ያያል። እጆቹን ጭኑ ስር ከቷቸዋል።

ብናገር እባረራለሁ፣ ላንቴ እናቴ ጋ ተመልሼ ሙዝ ልሸከም ነው። ዝም ካልኩ ማንም አያውቅም። ሽማግሌውም ዘግቶ እንደወጣ አያውቅም። እሱ ነው ያስጨነቀኝ።

አርብ

ተናገርኩ።

ዩኪ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ትከታለች፣ እሱ ወንበር ላይ ነው። "መስኮቱን እኔ ነኝ" አልኩ። አልተሰማም። ደገምኩት። "ምን?" አለች። "ሰኞ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። አባትሽ ዘግተው ነበር የወጡት፣ አይቻለሁ። ዋሸሁ።" ለአባቷ አልነገረችውም፣ ፊቷ ቀልቶ ታየኛለች። በኋላ ነው የገባኝ፣ እሷም አፍራ ነው፣ ቁልፉን የነጠቀችው እሷ ናት። እሱ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ስለዚህ መስኮቱ ጋ ሄድኩና ከፈትኩት፣ ደረቴን መታ መታ አደረግኩ። "እኔ" አልኩት። "እኔ፣ ይቅርታ።"

ያኔ ነገረችው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። "ስወጣ ዘግቼው ነበር ወይ ነው የሚልሽ" አለችኝ። "ዘግተዋል። በጣትዎ አሳይተው፣ ቃሉንም ተናግረው ነው የወጡት።" ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ቆይቶ ለዩኪ አጭር ነገር አላት፣ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔን አላየኝም።

ለእትዬ ዘነበችም ራሴ ነገርኳቸው። "የመስኮቱንስ ልተውልሽ እችል ነበር" አሉ። "ሰውየውን ጭንቅላቱን እንዲጠራጠር ማድረግሽን እንዴት ልተወው? ሂጂ እናትሽ ጋ። ካስፈለግሽ እደውላለሁ።" ብርቱካን በሩ ጋ ነበረች፣ አልቀለደችም።

ቅዳሜ

ላንቴ ነኝ። እናቴ "በስራ ቀን ምን አመጣሽ?" አለችኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሙዙን መቁረጥ አላቆመችም። "ለሰውየው ለራሱ ነግረሽዋል?" "አዎ።" "እንግዲያ በዚያ በኩል ያዢ" አለችኝ፣ ዘለላውን አብረን አነሳነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ፣ ዩኪ። አዲስ አበባ ደርሰው መስሎኝ። "አልሄድንም" አለች። "አባቴ ተናዷል። ትናንት ዝም አለ፣ ዛሬ ተናደደ። ባንቺ። በጣም። ዋሽታኝ እኔ ለሷ ጎንበስ አልኩ እያለ ክፍሉን ይዞረዋል። በኔም ጮኸ። ምሳውን ግን ጨረሰ። አዲስ ደብተር አስገዛኝ።"

"ላናግራቸው?" አልኳት።

"አሁን ተዪው። እየጻፈ ነው።"

ይቅር ይለኛል ወይ አላልኳትም። ስለ ስራዬም አልጠየቅኳትም፣ እትዬ ዘነበች አልደወሉም። እፍረቱ አለ፣ የትም አልሄደም። ግን ሰው ተናዶብኝ ደስ ሲለኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።