በበዓለ ሃምሳ የጾመው ወንድሜ

አለሙዬ፣ አባወራዬ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ፋሲካ አለፈ። ቤቱ ደህና ነው። ወናፍህ እዚያው ጥግ ላይ አለ፤ ጓሮው ድንች ይዟል። ልጃችን ሰላም ደግሞ ተዳረችልህ! የቡሬ ሰው ሁሉ ቁርጥ አባቷን ሲል ልቤ እንዴት ቅቤ እንደጠጣ ብታይ።

ያስጨነቀኝ ወንድሜ ጋሼ መኮንን ነበር። ታውቀው የለ፤ አንተ የሠራኸውን ማረሻ ተሸክሞ ይሄዳል፣ እህል ውሃችንን ግን ቀምሶ አያውቅም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ብሎ ፊትህ አይናገርም፣ ጨዋ ነዋ፤ ሁልጊዜ ጾመኛ ነኝ ነው የሚለው። የሙሽራው ቤተሰቦች ደግሞ ከፍኖተ ሰላም የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ የገዛ አጎቷ ካልበላ እነሱም እጃቸውን ሊሰበስቡ፣ ልጄም በሠርጓ ቀን አንገቷን ልትደፋ ነው።

ሰላም ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ በውጭ አገር ጥቁርን በቀለሙ ስለሚንቁ ሰዎች ስትነግረን ያልከውን አልረሳሁም። እነዚያስ በሩቅ አይተው ይለዩናል፤ የኛዎቹ ግን መልኬም ቋንቋዬም ቤተ ክርስቲያኔም እንደነሱ ሆኖ ሲቸግራቸው የማን ልጅ ነህ ይላሉ፣ ብለህ ሳቅህን ለቀቅከው። እኔ ግን በግኜ ነበር። ቀለም ቢያጡ አጥንት ቆጠሩ!

ጋሼ በሠርጉ ዕለት ነጭ ጋቢውን ለብሶ መጣና ከቄሱ አጠገብ ተቀመጠ። ዶሮው ሲቀርብ እንደ ልማዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጾመኛ ነኝ አለ። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ! ቄሱ ቀና ብለው አዩት።

"መኮንን፣ ጌታ መነሣቱን አልሰማህም እንዴ?"

ዳሱ ሙሉ ሳቀ። እኔማ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ጋሼ መጀመሪያ ክው አለ፤ ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ አብሮን ሳቀ። ሰላም ብድግ ብላ ጉርሻ ዘረጋችለት። አለሙዬ፣ ጎረሰ! ደገመ፣ ሠለሰ። አማቾቿም እጃቸውን ወደ ገበታው ሰደዱ። ከዚያ የጋሼ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

"ምናለ አለሙ እያለ በበላሁ" አለ ቀስ ብሎ።

አልተቀየምኩትም፤ ደስታዬ ቦታ አልሰጠኝም። ሲሰናበተኝ የለመነኝን ልንገርህና ላብቃ። የዘንድሮው ሙት ዓመትህ እሱ ቤት ይደገስ፣ ወንድሞችህና እህቶችህ እሱ ጎጆ ገብተው ከሱ ጋር ከአንድ ትሪ ይብሉ፣ አለኝ። እሺ አልኩት። እኔ እስካለሁ ስምህን እጠራለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ጋሼ ቤትም ትጠራለህ።