ቆጥ ላይ የነበረው እንጨት

አያ ደባሱ፣

የብዕር ጫፍ ፍለጋ ባምባሲ ሄጃለሁ። ራት አይጠብቁኝ።
ባቄላው ድስት ውስጥ ነው፤ ጨው አልገባበትም።

የብዕር መቅረጫውን ቶርኖ ጠፍር አያጥብቁት። የወንድሜ የታፈረ እግር ሲረግጠው እንዳላላው ይቆይ።

ትናንት ከእንጨት የቀረጽኩት ብዕር ሲሰነጠቅ "ምን ሆነ?" ብለው ጠየቁኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። እርጥብ እንጨት ሲጠርቡት እሺ ይላል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ታፈረ የብዕሩን እንጨት ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ የደረደረው ጭሱ ቀስ ብሎ እንዲያደርቀው ነበር። ሊያስተምረኝም ገና መጀመሩ ነበር።

እርስዎ በቀብሩ ቀን ለንፍሮ አነደዱት።

"ቆጥ ላይ ያለ ሁሉ ማገዶ ነው፤ ድሮ አገራችን ወሎም እንዲሁ ነበር" አሉኝ። እውነት ነው። ለቀስተኛው ጦሙን እንዳይመለስ ብለው እንደሆነም አውቃለሁ። በሰው ፊት የተናገርኩዎትን ሁለተኛ አልናገረውም።

ከንፍሮው እኔም በልቻለሁ።

አሁን ቆጡ ላይ ያለው እኔ የቆረጥኩት ነው። ክረምቱ ሳይወጣ አይደርቅም። ማገዶ ደጅ ከምሬልዎታለሁ።
የእኔ ለቅሶ ቢሆን እንኳ፣ ከደጁ ያንሱ።

ምስጋናው