እማዬ ሙዚየሙን የጎበኘች ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ፣ ዛሬ ግን ላኮረፍኩሽ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ደህና ናት።

የነደፍሽው የሙዚየሙ ሕንፃ አልቋል፤ እንኳን ደስ ያለሽ። በአሮጌዎቹ መጋዘኖች መሃል ያ ሁሉ መስታወት ቆሞ፣ ሰው አፉን ከፍቶ ያየዋል። ጋዜጠኞችም ፎቶ ያነሱት እሱን ብቻ ነው። መጋዘኖቹን ሳድስ የከረምኩት እህትሽማ ፎቶው ውስጥ እንዳልገባ ገለል በይ ተባልኩ። ሌላ ስም አላወጣለትም፤ ቀናሁብሽ። አንቺ ሩቅ አገር ተቀምጠሽ መስመር ታሰምሪያለሽ፤ እኔ ድሮ የለሰኑትን ሲሚንቶ በመሮ እየፈለፈልኩ፣ ጡቡ እንዲተነፍስ በኖራ እየሞላሁ አቧራ ስቅም ኖርኩ። ቤት ስገባ ደግሞ የእማዬ ጥያቄ ስላንቺ ብቻ ነው፤ ሚጢጢዬ ደወለች ወይ ትለኛለች።

እሁድ ዕለት፣ ሳይመረቅ ላሳያት ብዬ ወሰድኳት። እውነቱን ልንገርሽ፣ የኔን ሥራ እንድታይልኝ ነበር። እሷ ግን ገና ከመግባታችን የሚጢጢዬ ቤት የቱ ነው አለችኝ። በንዴት እጇን ለቅቄ፣ ያውልሽ ፊት ለፊትሽ አልኳት። ቀጥ ብላ ሄዳ በግንባሯ መስታወቱን መታችው። አትደንግጪ፣ ትንሽ አብጦ ነው የቀረው። ለአፍታ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለምን ምልክት አላደረጋችሁም ብዬ ፎርማኑ ላይ ልጮህ ስዞር፣ መዳፍ የሚያክል ቀይ ቴፕ ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ትክክል ተለጥፏል። ቤት ውስጥ እኮ ዕቃውን ሁሉ ሳትፈልግ ነው የምታነሳው፤ በምን ልጠርጥር?

እጇን ይዤ ወደ መጋዘኑ መለስኳት። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች፣ በጡቦቹ መሃል ያለውን ኖራ በጣቷ እየተከተለች እስከ ጥጉ ሄደች። እንዴት ያለ ሥራ ነው፣ የሚጢጢዬ እጅ ይባረክ አለች። አጠገቧ ቆሜ እኮ ነው! የኔ ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አዎ፣ የሷ ነው አልኳት። ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታይ! አሁንም ያንገበግበኛል።

ስንመለስ አንድ ነገር ለሚጢጢዬ እንዳትነግሪ ብላ አስማለችኝ፤ ስለዚህ አልነገርኩሽም። አንቺ እንዳትጨነቂ ታስባለች፤ ለኔ ማን ያስብልኝ?

ለምርቃቱ ነይ፤ ሥራ በዛብኝ አትበይ። ስትገቢ እንደ ልማድሽ በር ላይ ቆመሽ እስክታይሽ አትጠብቂ። ከደጅ ጀምረሽ ድምፅሽን አሰሚ።

መንገዱን አልጋ በአልጋ ያድርግልሽ፤ ቶሎ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

የምትቀናብሽ ታላቅ እህትሽ