በሁለተኛ ማርሽ

ጥቅምት 12
እንደ ሁልጊዜው ጎብኚዎች ጭኜ ወጣሁ። አሥራ አንድ ተሳፋሪ፣ ሦስት ፏፏቴ፣ አንድ መንገዱን ሙሉ የሚያስመልሰው ሰውዬ። ተራራውን ወንዙን ተከትዬ ወጣሁ፣ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። ሞተሩ ይጮሃል... ይጩህ። አለቃ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። "እትዬ፣ ሃምሳ ደቂቃ አርፍደሻል።" አርፍጃለሁ። እና?

ጥቅምት 13
ቢሮው ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ለእያንዳንዱ ፏፏቴ ሰባት ደቂቃ፣ ለቁልቁለቱ ሠላሳ አምስት። በሠላሳ አምስት የሚወርደው ማርሹን ፍሪ አድርጎ፣ ፍሬኑን ብቻ አምኖ የሚለቅ ነው። ጥይት የምንለው ሹፌር እንደዛ ነው የሚወርደው። ሲመለስ የፍሬኑ ሸራ ተቃጥሎ ግቢው ሁሉ ይሸታል።
"እትዬ ኤሊ፣ ወረቀቱን አየሽው?" አለኝ እየሳቀ።
"አየሁት። አንተ ደግሞ ጎማህን እይ፣ ይጨሳል።"

ጥቅምት 15
አለቃ ጠራኝ። አባቱ ጡረታ ወጥተው ቦታውን ከያዘ ገና ስድስት ወሩ ነው። "ወይ ሰዓቱን ጠብቂ፣ ወይ ቁልፉን አስቀምጪ።" አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳሁት መንገድ! ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ፍሪ አድርጌ ሰው አላወርድም። ትኬት ቤት መደበኝ።

ጥቅምት 16
ትኬት ቆረጥኩ። ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ።

ጥቅምት 21
ጥይትን ከሁለተኛው ፏፏቴ በታች ፍሬን እምቢ አለው። መኪናውን ከተራራው ጋር አላትሞ አቆመው። በወንዙ በኩል ቢሆንስ?... አንዲት ተሳፋሪ ክንዷ ተሰብሯል። ጋራዥ ሄጄ ጥይትን አየሁት፣ ግንባሩ አብጧል።
"ሰዓቱ ነው ጉድ የሠራኝ" አለኝ።
"መሪውን የያዝከው አንተ ነህ" አልኩት። ከበደኝ፣ ግን አልኩት።
አለቃ "የሹፌር ስህተት" ብሎ ጻፈ። የግድግዳው ወረቀት ግን አልተነሳም።

ጥቅምት 25
አለቃ ትኬት ቤቱ መስኮት ላይ መጣ። እናቱ ከሕመማቸው አገግመው ፏፏቴዎቹን ልይ ብለውታል።
"ነገ አንቺ ውሰጂልኝ።"
"ለምን እኔ?"
ዞሮ ጋራዡን አየ።
"የሌላው ሰው እናትስ?"
"ምን ትፈልጊያለሽ?"
"ወረቀቱን ቅደደው። ለሁላችንም።"
"ትቀልጃለሽ እንዴ?"
መስኮቱን ዘጋሁበት። ትንሽ ቆይቶ አንኳኳ... ወረቀቱን ለሁለት ቀዶ ይዞታል።

ጥቅምት 26
እማማ ከጎኔ ተቀመጡ። ሦስተኛው ፏፏቴ ሥር ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ። አርባ ደቂቃ። ማን ይቸኩላል?
ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ሲጮህ "ልጄ፣ መኪናው አሞታል?" አሉኝ።
"ጤነኛ ነው እማማ። እየያዘን ነው።"
ጥይት ሌላውን መኪና ይዞ ከኋላዬ ይወርዳል። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ አዳመጥኩ። የሱም ይጮሃል።
ግቢ ስንገባ አለቃ በሩ ላይ ነበር። በተቀደደው ወረቀት ቢሆን አንድ ሰዓት ከሩብ አርፍደናል። ሮጦ መጥቶ የእናቱን በር ከፈተ።
"ደረሳችሁ?"
"ደረስን።"
ነገም አረፍዳለሁ።