የአረፋው በግና የሳቢት ማጠንጠኛ

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳቢት ሸፊ
አርባ ምንጭ

አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህ ጉልበቴን ከማለቷ በቀር ደህና ናት፤ እህትህ ሙኒያም ምላሷ እንደረዘመ አለች።

ደብዳቤው ከእኔ መሆኑን ስታይ «አባባ ታረቀኝ» ብለህ እንዳትጨፍር። ሱቁን ጥለህ ዓሣ አጥማጅ ልሁን ብለህ የሄድክ ዕለት «ወላሂ፣ ከዚህ ልጅ ጋር አንድ ቃል አልነጋገርም» ብዬ መማሌን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ስለ መጻፍ ግን ያልኩት ነገር የለም። እና ዝም ብለህ አንብብ፤ የመሐላውን ነገር መጨረሻ ላይ እንደርስበታለን።

ለሙኒያ የላክህላትን ደብዳቤ ሰምቻለሁ። እሷ ጓዳ ገብታ ለእናትህ ስታነብ እኔ ባንኮኒው ላይ ጨው እየመዘንኩ ነበር። አዞው መረባችሁን እየቦጫጨቀ ቢያስቸግር ትልልቁን ነጭ ዓሣ በእጅ ክር መያዝ መጀመርህን ሰማሁ። አንዱ ግዙፍ ዓሣ ክሩን ይዞ ሲሮጥ መዳፍህን እስከ አጥንት እንደሰነጠቀውም ሰማሁ። ቁስሌን ያሰረልኝ ድሬሰር «ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ይህ እጅ አይድንም» አለኝ፣ ዘንግ ላይ የሚታሰር፣ ዓሣው ሲሮጥ ክሩን በፍሬን እየያዘ የሚለቅ ደህና የክር ማጠንጠኛ ፈልጉልኝ ብለህ ነበር የጻፍከው። ስንት እንደመዘንኩ ጠፋኝ፤ ደንበኛዬ ጨውዋን በእጥፍ ይዛ ሄደች። ያ እጅ እኮ በተወለድክ ማግስት ጣቴን ጨብጦ አልለቅም ያለኝ እጅ ነው።

በነጋታው ምን አለሽ ተራ ወረድኩ። ጉለሌ ተቀምጦ የዓሣ ዕቃ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑ አልጠፋኝም። ግን አገኘሁ! አንድ አሮጌ ብረት ሻጭ ዘንድ፣ አገር ለቆ የሄደ ፈረንጅ የተወው ነው አለኝ፣ ሁለት ማጠንጠኛ ተቀምጧል። አንዱ እንደ መስታወት ያበራል፤ ሌላው ጥቁር፣ ከባድ፣ ቀለሙ የተላላጠ ነው። ሁለቱንም ካልወሰድክ አልሸጥም ብሎ አደረቀኝ፤ ወሰድኩ።

እኔ መቼም የሱቅ ሰው ነኝ፤ ዕቃ የማምነው ስመዝነው ነው። ሁለቱንም በባሕር ዛፍ ዘንግ ላይ አስሬ ክር ጠቀለልኩባቸውና በየተራ አንድ ጆንያ ጨው አንጠለጠልኩባቸው። ሁለቱም ቀጥ አድርገው ያዙ። እንግዲያውስ የሚያበራው ይሻላል ብዬ መረጥኩ። ሙኒያ በሩን ተደግፋ ታየኝ ነበር።

«አባባ፣ ጨው እኮ አይሮጥም!» አለችኝ።

ምላሷን ታውቀው የለ! ግን እውነቷን ነው። ግቢያችን ውስጥ የሚሮጥ ነገር ምን አለ ብዬ ዞር ስል፣ ለአረፋ የገዛሁት ሙክት ቆሞ ያየኛል።

ክሩን ይዤ ወደ በጉ ስሄድ እናትህ ጮኸች። «ኧረ በአላህ! እግሩ ቢሰበር ለዕርድ አይሆንም እኮ! ምን ነካህ ሰውዬ?»

እኔም ፈርቼ ነበር። ግን የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ በጉን የማይሰብር ፍሬን የልጄን እጅ አይሰብርም።

ከቤታችን በታች ወዳለው ሜዳ ወሰድነው። ጎሚስታው ጎረቤታችን ደበላ የበጉን ደረት በጋቢ ጠቅልሎ ክሩን አሰረለትና ቸብ አደረገው። የሚያበራው ማጠንጠኛ መጀመሪያ ድርቅ አለ፣ ቀጥሎ በአንዴ ለቀቀ፣ ከዚያ «ቀጭ» ብሎ ቆመ። በጉ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ እኔም ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። ደግነቱ ምንም አልሆነም። ደበላ ማጠንጠኛውን ሲከፍተው የውስጡ ጥርስ ከቆርቆሮ የማይሻል ኖሮ ረግፏል።

ጥቁሩንም ከፈተው። ይሄኛው ጥርሱ ወፍራም ናስ ነው፤ ኩሽኔታው ሳይንገጫገጭ ይዞራል፤ ጎንና ጎኑን ብትጨምቀው ንቅንቅ አይልም። ዘይት አጠጣነውና ፍሬኑን በመጠኑ ጠበቅ አድርገን በጉን ለቀቅነው። ወዲያው ተፈተለከ! ክሩ ጥዝዝ እያለ ሳይደርቅም ሳይዘረገፍም ይወጣል። ሲሮጥ እሰጠዋለሁ፣ ሲቆም እጠቀልለዋለሁ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና «ይህ የምን አንቴና ነው?» አለ።

«ጓድ፣ በግ እያጠመድን ነው» አለው ደበላ።

ትንሽ ቆይቶ «ላላ አድርግለት! አሁን ሳበው!» እያለ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው እሱ ሆነ።

በመጨረሻ በጉ ደከመውና ዞሮ፣ አንድ ጭረት ሳይነካው፣ እየተጎተተ እግሬ ሥር መጣ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ሽማግሌው ዘንጉን ሽቅብ አንሥቼ በሙሉ ድምፄ ጮህኩ፤ «ያዝኩት! ሳቢት፣ ያዝኩት! እየው ልጄ!»

ከሄድክ ወዲህ ስምህን ጠርቼ አላውቅም። እናትህ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ደበላ ጠጋ ብሎ «ሸፊ፣ መሐላውስ?» አለኝ።

ሼኹ ዘንድ ሄድኩ። «በሌለበት ነው የጠራሁት፤ እሱ አልሰማኝም፤ ይቆጠራል ወይ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ እኮ! «ልጅን ለማኩረፍ የተማለ መሐላ ሲፈርስ ነው የሚያምረው። ከፋራህን አውጣ፣ አሥር ድሀ አብላና ልጅህን አናግር» አሉኝ። አረፋ እንዳለፈ እናትህ ትልቁን ድስት ጣደች፤ አሥር ሚስኪኖች ቤታችን ገብተው በልተው ጠገቡ፣ አንተንም መረቁህ። እኔም ከመሐላዬ ወጣሁ።

ማጠንጠኛው በጋቢ ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። ፍሬኑን በጉን በያዝኩበት ልክ ትቼዋለሁ፤ እንዳትነካካው። እንዲህ ያለ ዕቃ በሰው እጅ አይላክም፤ ቀበሌም የይለፍ ወረቀቴን ሰጥቶኛል። ጥቅምት 18 ማታ አውቶቡስ መናኸሪያው ጠብቀኝ። ሱቁን ሙኒያ ትይዘዋለች፤ ከአንተም ከእኔም የተሻለች ነጋዴ ናት፣ ይህን ግን ለእሷ እንዳትጽፍላት። ከበጉም ቋንጣ ይዤልሃለሁ።

አላህ እጅህን ይማርልኝ፣ ሐይቁን ያርጋልህ፣ ከአዞው ይጋርድህ። ስትጠብቀኝ እጅህን ኪስህ ውስጥ እንዳትደብቅ፤ መጀመሪያ የማየው መዳፍህን ነው።

አባትህ
ሸፊ

ከአውቶቡሱ ስወርድ ቀድመኸኝ እንዳትናገር። መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ፤ አሥር ሰው አብልቼበታለሁ።