የአባትህ ቴስታ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትህልኝ? እንቅልፍህስ? ራስህንስ እንዴት ነህ? ይህን የመጨረሻውን ለወጉ ያህል አይደለም የምጠይቅህ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። እህትህ አምለሰት ደኅና ናት፤ ላሚቱም ወልዳለች። አባትህ ግን የለም። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ደጅ ይቆማል፤ ግን የለም።

እስከ ዛሬ ደብዳቤ የምትጽፍልኝ አምለሰት ነበረች። ዛሬም ልጻፍልሽ ብላ ወረቀት ይዛ መጥታ ነበር፤ እምቢ አልኋት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኋት ፊደል አታሳፍረኝም ብዬ ራሴ ተቀመጥሁ። እሷ እንድትሰማው የማልፈልገው ነገር አለ። ጽሕፈቴ ቢያስቅህ ሳቅ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው።

አንተ አባትህን የምታውቀው የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ነው። እኔ ያወቅሁት ቡሬ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ተከላካይ ነበር። ያን ጊዜ ኳስ ማለት እንደ ጫማ በጠፍር የምትታሰር ወፍራም ቆዳ ናት፤ ዝናብ ሲመታት እንደ ድንጋይ ትከብዳለች። ሌላው ሲሸሻት አባትህ ሮጦ በግንባሩ ይቀበላታል። «የይሄይስ ቴስታ» እየተባለ አገር ያወራለት ነበር። የጠፍሩ ቋጠሮ ግንባሩ ላይ ታትሞ ሲመጣ ያሳየኝና ይስቃል፤ እኔም ሞኟ አብሬ እስቃለሁ። ኋላ ለጠቅላይ ግዛቱ ቡድን ብለው ደብረ ማርቆስ ወሰዱት። ያን ሁሉ ዓመት ሲጫወት አንድ ጎል አላገባም። ያገባውን ልጅ ሕዝቡ በትከሻው ተሸክሞ ሲጨፍር አባትህ ጫማውን በእጁ ይዞ ከኋላ ይከተል ነበር። እሱን ፈልጎ ውሃ የሚያቀብለው ወንድሙ ባዬ ብቻ ነው። አንድ ቀን ተመትቶ ወድቆ ሰው ሁሉ ሞተ ሲል፣ ባዬ ፊቱን አጥቦ አስነሣው። ተነሥቶም ጨዋታውን ጨረሰ። ጀግና አሉት።

ያ ጀግና ዛሬ በራችን ላይ እግሩን አንፈራጥጦ ቆሞ ሰው አያሳልፍም። አምለሰት ውሃ ቀድታ ስትመጣ በትከሻው ገጭቶ ከነእንስራዋ ጣላት። ሲደክመው ደግሞ «ባዬ የት ሄደ? ዛሬ አይመጣም?» ይለኛል። አጎትህ ካረፈ ዓመት አለፈው፤ ቃሬዛውን የተሸከምኸው አንተ ነህ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሞቷል እለው ነበር። በነገርሁት ቁጥር እንደ አዲስ መርዶ ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል። ወንድሙን ስንት ጊዜ ልቅበርበት? አሁን «ደኅና ነው፤ ቡሬ ሄዷል» እለዋለሁ። እሱም እሺ ብሎ ይቀመጣል።

ጎረቤቱ ሁሉ መንፈስ ነው አለኝ፤ እኔም አመንሁና ጸበል ወሰድሁት። አባ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አድርገው ማን ነህ፣ ስምህን ተናገር ቢሉት፣ አባትህ ቀጥ ብሎ «ተከላካይ ነኝ፤ በእኔ በኩል ማንም አያልፍም» አላቸው። ጋኔኑ ለፈለፈ ተብሎ እልል ተባለ። ልቀቅ፣ ውጣ ሲሉት «ሰዓቱ መቼ አለቀና» ይላቸዋል። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ፍርስ እል ነበር። ከዚያ ከገደሉ ከሚወርደው ውሃ ሥር አቆሙት። ሌላው በሽተኛ ከብርዱ አንገቱን ይደፋል፤ አባትህ ግን ውሃው በመጣ ቁጥር ዘልሎ በግንባሩ ይመታዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዉ ጋኔኑ ተቃጠለ እያለ ሲደሰት እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ጸበሉን አላማም፤ ጥፋቱ የኛ ነው።

ኋላ ያየው ወጣት ሐኪም በጉብዝናው ወራት ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቀኝ። ነገርሁት። ራስ ሲመታ ከኖረ ጉዳቱ ውሎ አድሮ ነው የሚወጣው፣ መድኃኒትም የለውም አለኝ። ሲያረጁ ብቻ ነው ወይ የሚመጣው አልሁት። አንዳንዱን በወጣትነቱም ይጀምረዋል አለኝ።

ባለፈው ወር ሬዲዮው የኳስ ጨዋታችሁን ሲያስተላልፍ ስምህን ጠራ። ራስህን ተመትተህ ወድቀህ፣ በፋሻ ታስረህ ተመልሰህ ገባህ አሉ። ጎረቤቱ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ልጅሽ አባቱን ወጣ» እያለ ቤቴን ሞላው። አባቱን ወጣ! ልጅ ሳለህ ከኳስ ሜዳ አንክሰህ ስትመጣ «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» እያልሁ እቀልድብህ ነበር። አሁን ቀልዱም አለቀብኝ።

ከትናንት ወዲያ ሾፌሩ ሸጋዬ አንተ ካለህበት ከባሕር ዳር ሲመለስ የላክኸውን ዕቃ አደረሰኝ። ነጠላዋ ታምራለች፤ እግዜር ይስጥልኝ። የአምለሰትም ጫማ ልኳ ነው። ከሥሩ ሰማያዊ የወንድ ሹራብ አለ። የአባቱ ነው ብዬ ሳነሣው ሸጋዬ፣ አይደለም፣ «የአጎቴ የባዬ ነው፤ ብርድ እንዳይመታው አደራ» ብሎኛል አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። እንደዚያው ነው ያለኝ አለ። አምለሰት ሳታየው ሣጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍሁበት።

ልጄ፣ ያን የኳስ ጫማህን ለፈለገው ስጠውና ና። ደመወዝህ ቢቀር እንቸገር ይሆናል፤ ችግር ለእኛ አዲስ እንግዳ አይደለም። ስትመጣ ብቻህን አትሳፈር፤ ሸጋዬ ሲመለስ አብረኸው ና። አባትህ በሩ ላይ ቢገፋህ አትቀየመው፤ እኔ አስገባሃለሁ።

በማኅፀኔ የጠበቀህ አምላክ ዛሬም ራስህን ይጠብቅልኝ። የእናትነቴ ምርቃት እንደ ጥላ ይከተልህ። ከላይ ስለ አጎትህ የጻፍሁት እንደ አዲስ መርዶ ሆኖብህ ከሆነ ግን ተወው፤ ደረትህን አትድቃ። ባዬ ደኅና ነው። ቡሬ ሄዷል።

እናትህ